እንቁላል ሻጯ ዝናሽ እና የአያ ሞላ ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ደሴ አውቶቡስ ተራ ቆሜ አንድ የዋጃ ነጋዴ አገኘሁ። ድሮ ቆቦ በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠብኩ መርፌ እየወጋሁ፣ ስሠራ የማውቀው ሰው ነው። ያኔ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን፤ ዛሬ ሁለታችንም ሽበታም ነን። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ «እንቁላል ሻጯ ዝናሽ እኮ ሞተች፤ ሰምተሃል?» አለኝ።

«ነፍሷን ይማር» አልኩና ሳቄ መጣ። ሰውዬው ደነገጠ። ምን ላድርግ! ያችን ሴት ተከፍና፣ አፏን ዘግታ ላስባት አልቻልኩም። ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችው በጠራራ ፀሐይ ከማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ ስትፎክር ነው።

«ታረቀች?» አልኩት።

«ከማን?»

«ከአያ ሞላ ቤት ነዋ!»

«ኧረ ወዲያ! የነፍስ አባቷ ሲያናዝዟት፣ 'ሁሉንም ይቅር ብያለሁ፣ ከሞላ ቤት በቀር' ብላ ነው ያረፈችው ይላሉ።»

እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ። ታርቃ ሞታ ቢሆን ኖሮ የማላውቃት ሴት ሞተች እል ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ያገሬ ሰው። ዝናሽ ግን ቂሙንም ጸሎቱንም ይዛ፣ አንዱንም ሳትጥል ኖረች።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የምሠራባት ክሊኒክ ሁለት ክፍል ብቻ ነበራት፤ ከአጥሯ ውጭ አንድ ግራር አለ፣ የግራሩ ጥላ ደግሞ የዝናሽ ነው። በገበያ ቀን ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫቷን ይዛ ትመጣና ከየገበሬው የምትገዛቸውን እንቁላሎች አንድ ባንድ ታያለች። በጭብጧ ይዛ ወደ ፀሐይ ታነሳለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርገዋለች። የተበላሸ ካገኘች ለሻጩ ሳትመልስ እዚያው አጥሩ ላይ ትፈጠፍጠዋለች። «እኔን የሚያታልል ዶሮ ገና አልተፈለፈለም!» ትላለች። ስድቧ ለዶሮዋ ይሁን ለባለዶሮው አይታወቅም ነበር።

የራያ ሴት ሹሩባዋና ቅቤዋ ጌጧ ነው። የዝናሽ ራስ ግን እንደ በጋ ሣር የደረቀ ነበር። ምክንያቱን ቆቦ በደረስኩ በሳምንቴ ነገሩኝ። የቆላው ገበሬ የሚኖረው ከተራራው በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ጎርፉን ቀድሞ ወደ ማሳው የመለሰ ያርሳል፣ ያልደረሰው ይራባል። ባሏ አያሌው ጎርፍ ሲመልስ ከአያ ሞላ የበኩር ልጅ ከደሱ ጋር ተጣላ፤ ደሱ በጠመንጃ መታው። አያሌው ሲወድቅ በያዘው ማጭድ የደሱን ግራ ጆሮ ቆርጦታል። ዝናሽ ልጅዋን አዝላ ምሳ ይዛ ስትደርስ ነው ይህን ሁሉ ያየችው። ደሱ ያንኑ ቀን ወደ አፋር በረሃ ወረደ፣ ደብዛው ጠፋ።

በአያሌው ተዝካር ላይ ዝናሽ ተነሥታ፣ «ደሙ ሳይመለስ ራሴን ቅቤ አይነካውም፤ የሞላ ቤት እህል ውሃም ጉሮሮዬን አይነካውም!» ብላ ማለች። ሁለተኛውስ ያገሩም ሕግ ነው። ደመኛ ከደመኛው እሳት አይጫጫርም፣ ውሃ አይቀማመስም። ከደመኛው እጅ የበላ ሰው «ደም ሸጠ» ይባላል፤ እሱ ቢሞት እንኳ ስድቡ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል።

ጣጣው እንግዲህ ያ ማንጎ ነው። አያ ሞላ ወንዝ ዳር አንድ የማንጎ ዛፍ ነበራቸው፤ ዘሩን የከባድ መኪና ሾፌር ከአሰብ ያመጣላቸው ነው። በዚያ አካባቢ ፍሬ የሚሰጥ ማንጎ እሱ ብቻ ነበር። ምራታቸው ገበያ ታወጣዋለች፣ እናቶችም ለልጆቻቸው ይሻሙበታል። ዝናሽ ከግራሩ ሥር ሆና ጥርሷን ነክሳ ታያለች።

አንድ ቀን እናቶችን ሰብስቤ ስለ ምግብ አስተምር ነበር። በቀኝ እጄ እንቁላል፣ በግራዬ ማንጎ ይዣለሁ። ዝናሽ ከመካከል ተነሣችና፣ «ሐኪም፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» አለችኝ።

«እንደ ነገሩ ነው፣ እትዬ ዝናሽ። ሥጋ ለመገንባት፣ ጉልበት ለመስጠት እንቁላል ይበልጣል። ማንጎ በዚያ በኩል እምብዛም ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ለዓይን ሲሆን ግን የእንቁላሉ አስኳልም ማንጎውም...»

ማን ይስማኝ! «ውሃ ነው» ስል ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታለች። ስለ ዓይን ያልኩትን ሌሎቹ ሰሙ፣ እሷ አልሰማችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅርጫቷን ከግራሩ አነሣችና ከአያ ሞላ ምራት ጎን ተቀመጠች። ድምፅዋ እስከ ክሊኒኩ ይሰማል።

«ውሃ በልጣጭ ነው እንዴ የምትገዙት? ድሬሰሩ ብሏል! እንቁላል ጉልበት ነው፣ ማንጎ ሽንት ነው!»

ሰው ይስቃል፣ ግን ደግሞ ያምናል። ድሬሰር ብሏላ! ማንጎው መሸጥ አቆመ፤ በየቅርጫቱ በስብሶ ዝንብ ወረሰው። አያ ሞላ አንድ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና፣ «ልጄ፣ ማንጎዬ ምን በደለህ?» አሉኝ።

ያልኩትንና ያላልኩትን አስረዳኋቸው። «ልንገራት? ላስቁማት?» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተዋት። የልጄ እጅ ያመጣው ነው» ብለው ሄዱ።

ዝናሽ ያን ዓመት ጮቤ ረገጠች። ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላት፣ «እንቁላሉንስ እንጃ፤ ቂሜ ግን ይኸው መሄድ ጀመረ» ትል ነበር።

ደስታዋ እስከ ተከታዩ ዐቢይ ጾም ነው የቆየው። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባ። ዶሮው አንገቱን እያጣመመ በየደጁ ይወድቅ ጀመር። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ዶሮ ሲጮህ የሚሰማበት መንደር ጠፋ። የዝናሽም አንድ አልተረፈላትም፤ በድኖቹን ሰብስባ ስትቀብር አላለቀሰችም፣ ብቻ በየስማቸው እየጠራች ሰደበቻቸው።

በዚያው ሰሞን ልጅዋን አበቡን ይዛ መጣች። ሰባት ዓመት ሊሆናት ነው።

«ሲመሽ ትደናበራለች» አለችኝ። «ጉልቻ ያደናቅፋታል፣ ምሰሶ ይመታታል። ትናንት ፀሐይ ገና ስታዘቀዝቅ፣ 'እማ፣ መብራቱን ማን አጠፋው?' ብላ አስደነገጠችኝ። ቡዳ በልቷት ይሆን?»

ዓይኗን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ነጩ ደርቆ፣ ዳሩ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። «ዳፍንት ነው» አልኳት። «ዛሬ የሚጋርዳት ሲመሽ ብቻ ነው። ቶሎ የሚጠግናት ምግብ ካላገኘች ግን ብሌኗ ይጠፋል፤ ያኔ እኔም የደሴ ሆስፒታልም አንመልሰውም።»

«ምን ምግብ?»

«የእንቁላል አስኳል።»

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰው አይስማ።

የማደርገው ጨነቀኝ። ለዳፍንት የሚሆነው የዘይት መድኃኒት ካለቀብኝ ቆይቷል፤ ደሴ ብልክ መልስ የለም። ጉበት እንዳልላት ጾም ነው፤ ቄሱ ለበሽተኛ ቢፈቅዱም የሚያርድ ክርስቲያን የለም። ጎረቤቷ እማማ ፋጡማ «ፍየል ይታረድላት፣ ጉበቱን ውሰጂ» ብለው ለመኗት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን በእኛ አገር ጎረቤት በሐዘን በደስታው አንድ ይሆናል እንጂ ሥጋ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም የየራሱን ዕርድ ነው የሚበላው። ዝናሽ እጃቸውን ስማ መለሰቻቸው። ላሞች ነጥፈዋል፣ ጎመኑም በድርቁ አርሯል።

«እንግዲያው ማንጎ» አልኳት። «ለዓይን መድኃኒት ነው።»

«ውሃ ነው ብለህ የለም እንዴ?»

«ግማሹን ሰምተሽ ወጣሽ እንጂ! ለጉልበት እንቁላል ይበልጣል፤ ለዓይን ግን ማንጎውም ያድናል።»

አበቡን ወደ ጉያዋ ሳበች። «የአያሌውን ደም በማንጎ ልሽጥ?»

«እኔ ልግዛልሽ። ከእኔ እጅ ተቀበይ።»

«ዛፉ የማን ነው? ያንተ ነው?» ብላ ልጅዋን እየጎተተች ወጣች።

ወሬ አይደበቅም፣ አያ ሞላ ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ይዘው ዝናሽ ደጅ ቆሙ። «ለልጅቱ ነው፤ በደሙ ነገር አይገባም» አሉ። ዝናሽ ወጣች፣ ቅርጫቱን በእግሯ ገለበጠችና ማንጎውን አንድ ባንድ ረገጠችው። አበቡ ጭንቅላቷን ወደ ሽታው አዙራ፣ «እማ፣ ምንድነው እንዲህ የሚያውደው?» ስትል ሰማኋት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

አላስቻለኝም። «አንቺ ሴት!» ብዬ ጮህኩባት። «ባልሽን እነሱ ገደሉት፤ ልጅሽን ግን በገዛ እጅሽ ልታሳውሪ ነው!»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከፊቴ ቆማ በእግሯ የተጣበቀውን ማንጎ እያየች ማሰብ ጀመረች።

«ሐኪም» አለች። «ነውሩ ከደመኛ መቀበል ነው፤ አይደል?»

«አዎ።»

«መቀማትስ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው ሳያስበው የመለሰላት፦ «መቀማትማ የወንድ ነው።»

«እንግዲህ ወንዱ እኔ ነኝ» አለችና ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ዝናሽ የአያሌውን ዱላ በትከሻዋ፣ አበቡን በእጇ ይዛ በገበያው መካከል አለፈች። ገበያው ዕቃውን እየተወ ተከተላት፤ እኔም በሽተኞቼን ትቼ ተከተልኩ። አያ ሞላ ከዛፋቸው ሥር ተቀምጠው ነበር፣ ጠመንጃቸው አጠገባቸው። ዝናሽ አጥሩን በዱላዋ ገፍታ ገባችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ፎከረች፦

«ዘራፍ! ዘራፍ የአያሌው ሚስት!
ሰጥቶኝ አልበላሁ፣ ለምኜ አልቀመስሁ፣
ከደመኛዬ ዛፍ ቀምቼ ጎረስሁ!»

ቅርንጫፉን በዱላ ስትመታው ማንጎው ዱብ ዱብ አለ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። አያ ሞላ እሷን አዩ፣ ከዚያ ልጅቱን አዩ። ያን ጊዜ «ውሰጂው፣ ልጄ» ብለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ አልቆለት ነበር። ስጦታ ይሆናላ! ሽማግሌው ግን ተስፈንጥረው ተነሡ፣ ጠመንጃውን አነሡና፣ «ሌባ! ዘራፊ! በጠራራ ፀሐይ ንብረቴን!» ብለው ጮኹ። ከዚያም ተኮሱ።

ቅጠል ረገፈ። ዝናሽ ንቅንቅ አላለችም። የምትሮጥ ሚዳቋ የሚጥሉት አያ ሞላ፣ ከአፍንጫቸው ሥር የቆመች ሴት ሳቱ። እሷም አንዱን ማንጎ በጥርሷ ልጣ እዚያው ፊታቸው ለልጅዋ አበላች። የቀረውን በነጠላዋ ቋጥራ ስትወጣ ዞር ብላ፣ «ደግሜ እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ!» አለች።

«ነይ! በሚቀጥለው ግንባርሽን ነው!» አሉ አያ ሞላ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ቁጣ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ከወንዙ በኩል ተኩስ በተሰማ ቁጥር የቆቦ ሰው «ዝናሽ ዘመተች» ይል ጀመር። አያ ሞላ አጥራቸውን አጠበቁ፤ የሚገርመው ግን በእሷ መምጫ በኩል ያለው እሾህ ሁልጊዜ ስስ ነበር። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍም ሳይለቅሙት ይተዉታል። ማንጎው ሳያልቅ አበቡ አንድ ቀን ጀንበር ከገባች በኋላ ከክሊኒኩ ደጅ እንደ ግልገል እየዘለለች መጣችና ከኪሴ እስክሪብቶዬን መዝዛ ሮጠች። እያባረርኳት አለቀስኩ።

«እትዬ ዝናሽ» አልኳት በኋላ፣ «ሽማግሌው ሆን ብለው ነው የሚስቱሽ። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? እሱ ለጽድቁ ይተኩስ፣ እኔ ለደሜ እዘርፋለሁ።»

ዓመታት አለፉ። ዶሮው ተመልሶ ረባ፣ ዝናሽም ወደ ግራሯ ተመለሰች። ራሷ ግን እንደ ደረቀ ነው። ሽማግሌዎች «ማንጎውን በልታለች፣ እንግዲህ ልቧ ይራራል» እያሉ ዕርቅ ሊያነሡ ሲመጡ፣ «ምርኮ በልቶ የታረቀ ማን ነው?» ብላ ታባርራቸዋለች።

አያ ሞላ በጠና ታመሙ። ደሱ የአባቱን መታመም ሰምቶ እንደ አፋር ነጋዴ ለብሶ፣ ጨርቅ ጠምጥሞ ተደብቆ ተመለሰ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር ወንዙን የተሻገረው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ጥምጥሙ ተንሸራተተ። ከማዶ አበቡ እንስራዋን እየሞላች ነበር፤ ኮረዳ ሆናለች። ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት ከማዶ ያለው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። እሷ ግን ግራ ጆሮው ቆራጣ መሆኑን አየች። ያንን ጆሮ ከእናቷ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ዝናሽ እሪ አላለችም። ነጠላዋን ደርባ ወደ ነጭ ለባሾቹ፣ ወደ መንግሥት ታጣቂዎቹ፣ ቤት ሄደች። ደሱን ከአባቱ አልጋ ሥር አወጡት፣ በማግሥቱም የፊጥኝ አስረው በገበያው መካከል አሳለፉት።

ያን ዕለት ወደ ግራሩ ስወጣ ደንግጬ ቆምኩ። ዝናሽ ሹሩባ ተሠርታለች። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በግንባሯ፣ በአንገቷ ይወርዳል። እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ማን ለየው?» አልኳት።

«አበቡ ናት። ሲመሽ፣ ከማዶ።» አንድ እንቁላል ወደ ፀሐይ አነሣችና ዓይኗን ጨፈነች። «ማንጎ ለዓይን ነው አላልክም? አልዋሸህም፣ ሐኪም።»

በዚህ የበቃት መስሎኝ ነበር።

ደሱ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ብዙም ሳይቆይ ወህኒ ቤት ተስቦ ገደለው። መርዶው የደረሰ ዕለት አያ ሞላ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ መጥረቢያ አንሥተው፣ እያረፉ እያረፉ ያንን ማንጎ በገዛ እጃቸው ቆረጡት። ከዚያ ተመልሰው ተኙ። ሄጄ አየኋቸው፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። «ጉልበት የሚሆን ነገር ያስፈልግዎታል፤ እንቁላል ይብሉ» አልኳቸው። ከሰው እንደሰማሁት ይህን ቃሌን ዝናሽ ሰማች።

በነጋታው ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ተሸክማ፣ ቅቤዋ እያብለጨለጨ፣ ሰው ሁሉ እያያት አያ ሞላ ደጅ ቆመች። አልፎከረችም። ድምፅዋ የእመጫት ጠያቂ ይመስል ነበር።

«ያንተ ማንጎ ምርኮ ነበር፣ አያ ሞላ። የእኔ እንቁላል ግን ስጦታ ነው። ብላ። ድሬሰሩ እንዳለው እንቁላል ይበልጣል።»

አያ ሞላ ብላ ስትጠራቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በቅርቡ የመጣ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ፣ «እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት!» አለ። ያገሩ ሰው ግን መሬት መሬቱን አየ። ያን እንቁላል የበላ የልጁን ደም ሸጠ።

ስመለስ ቅርጫቱ ከአልጋቸው አጠገብ ነበር፣ አንድ አልጎደለም። እንዲያነሡትም አልፈቀዱም። «አያ ሞላ፣ ይብሉ እንጂ» አልኳቸው። ለማኝ መስዬ ነው የለመንኳቸው።

«እኔ ወደ ሰማይ ተኮስኩላት፣ ልጄ» አሉኝ። «እሷ አልሳተችም።»

እንቁላሉ ሸትቶ ሳይጣል እሳቸው ሞቱ። ለዝናሽ ልነግራት ሄድኩ፣ ልሰድባትም አስቤ ነበር። «ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም?» አልኳት።

«ልጄ ልትታወር ስትል እኔ ምን አደረግሁ? ዘረፍኩ። እሱም ተነሥቶ ይዝረፈኝ ነበር። ማን ከለከለው?»

ከዚያ ቀን ወዲያ ከእሷ እንቁላል ገዝቼ አላውቅም። ሰላም ግን እላት ነበር፤ ደፍሮ የማይላት ማን ነው?

ይህን ሁሉ አውቶቡስ ተራው ውስጥ ቆሜ አሰብኩና ነጋዴውን፣ «አበቡስ እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደህና ናት። ዛሬም ሲመሽ ኩራዝ ሳታበራ በመርፌ ክር ታሾልካለች። ልጆችም አሏት። የመጀመሪያውን ሞላ ብላ አወጣችለት።»

«ሞላ? ዝናሽ በሕይወት እያለች?»

«በሕይወት እያለች ነዋ! 'ዓይኔን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው' ብላ ከእናቷ ጋር ስንት ተጣላች። ዝናሽ ግን እስክትሞት ድረስ ልጁን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም።»

«ታዲያ ምን እያለች ትጠራው ነበር?»

«ምርኮዬ» አለኝ፣ አውቶቡሱ ላይ እየወጣ።